ፋሲካ ሌሊት ደረት ሲያፍን፦ ጨጓራ ነው ወይስ ልብ?

የውይይት ክሩ መነሻ

ሰሙነ ሕማማት ገብቷል። ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ቅዳሴው ሲያልቅ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከአንኮበር እስከ ዓለም ከተማ በየቤቱ የድስት ክዳን ይነሣል። ጥያቄዬ ለሐኪሞች፣ ለነርሶች፣ ለፋርማሲ ሰዎችና ወጥ ለሚሠሩ እናቶች ነው፦ በዚያች ሌሊትና በማግስቱ ልብን የሚጎዳው ምንድን ነው? የኔ አቋም ዶሮው ብቻውን አይደለም የሚል ነው። ብዙ ነገር በአንድ ሌሊት ይገጣጠማል፤ 55 ቀን ቅባት ያላየ ሆድ፣ ልክ ያጣ ቂቤ፣ ጨው፣ አረቄ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሳይዋጥ የቀረ ኪኒን። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ደረት ሲያፍን ጨጓራ ነው ብሎ ተሸፋፍኖ መተኛት ነው። የምታውቁትን በመጠንና በሰዓት ለይታችሁ ጻፉልን።

ምላሹ ስለበዛና ሰው ሁሉ በበዓል ሥራ ስለተጠመደ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ ከዚህ በታች አሳጥሬ አስቀምጫለሁ።

1ኛ ምላሽ። ከደብረ ሲና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ በትሕትና ሰላምታ ሰጥቶ መነሻዬን አርሟል። ሆዱ 55 ቀን ያላየው የእንስሳ ቅባት እንጂ ቅባት አይደለም ይላል። በጾሙ ብዙው ቤት የሚያቁላላበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ደም ሥር የሚያጠብበው ዓይነት የሚረጋ ቅባት ነው፤ ንጥር ቂቤ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይደርሳል። ጾሙ ለልብ እውነተኛ ዕረፍት የሚሆነው ሽሮውና ምስሩ በኑግ ወይም በሱፍ ዘይት፣ ያውም በልኩ ሲሠራ ነው። እርማቱን ተቀብያለሁ።

2ኛ ምላሽ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለድግስ ወጥ የሚሠሩ እናት መጠናቸውን ሳይደብቁ አስቀምጠዋል፦ ለአንድ ዶሮ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ንጥር ቂቤ፣ 12 ዕንቁላል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ያልኩት የጨመሩትን ነው። ቅዳሜ ማታ ከእሳት የወረደው ወጥ በደብረ ብርሃን ብርድ ሲያድር ቂቤው ላዩ ላይ እንደ ሰም ይረጋል፤ በማንኪያ ሲነካ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። ውፍረቱ የጣት ጥፍር ያህላል። እሳቸው መልሰው ያቀልጡታል እንጂ አያነሡትም፤ ወጡ ይደርቃል ብለው ይሰጋሉ።

በዚህ መጠን ላይ ስሌት ሠርቻለሁ። 500 ግራም ቂቤ ለ12 ብልት ሲካፈል ለአንዱ 42 ግራም ያህል ይደርሰዋል፤ ከዚያ ውስጥ 25 ግራሙ የሚረጋ ቅባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የሚረጋ ቅባት ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ማለት ነው። አንድ ብልት ከነመረቁ የቀኑን ልክ አለፈ ማለት ነው። ፋሲካ ሌሊት በአንድ ብልት የሚያቆም ደግሞ ጥቂት ነው።

3ኛ ምላሽ ቆጣ ያለ ነበር። ከመንዝ የጻፉ አንድ አባት አያቶቻችን ቅልጥም እየሰበሩ፣ ጮማ እየቆረጡ 90 ዓመት ኖረዋል፤ በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ አሉ።

4ኛ ምላሽ። አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋሼ ብሎ በአክብሮት መልሶላቸዋል። አያቶቻችን በሬ ያርዱ የነበረው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ በማግስቱም አቀበት ይወጡ ነበር። በዚያ ላይ በ50 ዓመታቸው ድንገት የወደቁትን ቡዳ በላቸው ወይም ምች መታቸው ተብሎ ስለተቀበሩ ማንም አልቆጠራቸውም። ቀጥሎ ሆድ ሲሞላ ልብ ላይ የሚሆነውን ዘረዘረ። ከከባድ ምግብ በኋላ ብዙ ደም ወደ አንጀት ይሳባል፤ ልብም ያንን ለማሟላት ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት ፈጥኖና ጠንክሮ ይመታል። ቅባቱ በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው ከተበላ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያ መሃል የደም ሥር ግድግዳ እንደ ወትሮው አይለጠጥም። ጤነኛ ሰው ይችለዋል። የልቡ ደም ሥር አስቀድሞ የጠበበበት ሰው ግን ዳገት እንደወጣ ሆኖ ደረቱን ያፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የልብ ማኅበር ጉባኤ ላይ የቀረበ ጥናት ሃርት አታክ የደረሰባቸውን ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ጠይቆ፣ ከከባድ ምግብ በኋላ ባሉት 2 ሰዓታት አደጋው 4 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር ማግኘቱንም ጠቅሷል።

5ኛው ሰው ይህን አልዋጠም። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2013 የደረሱ 283,014 የሃርት አታክ ሕሙማንን ያጠናው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሥራ አደጋው በፈረንጆች ገና ዋዜማ 37 በመቶ እንደሚጨምር፣ በተለይ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ እንደሚበረታ ቢያሳይም፣ በፋሲካቸው ግን ምንም ጭማሪ እንዳላገኘ አመለከተ። ታዲያ ፋሲካን ለምን ትከሳላችሁ ሲል ጠየቀ።

6ኛ ምላሽ። ሐኪሙ ተመልሶ ነጥቡን አመስግኗል። የስዊድን ፋሲካ ግን ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አይፈሰክም። ከኛዋ ሌሊት ጋር የሚቀራረበው የእነሱ ገና ዋዜማ ነው፤ በአንድ ምሽት ቤተሰብ፣ ምግብ፣ መጠጥና የስሜት መናወጥ ይከማቻል። ጥናቱ ሕመሙን የቀሰቀሰው የትኛው እንደሆነ አላረጋገጠም። ጎልተው የታዩት ግን ከ75 ዓመት በላይ የሆኑት፣ ስኳር ያለባቸውና ቀድሞም የልብ ደም ሥር ሕመም የነበረባቸው ናቸው፤ እኛም ቤት ዓይን የሚያሻቸው እነዚሁ ናቸው። እንዲህ ያለ ክርክር ደስ ይለኛል፤ ሁለቱም ያነበቡትን ይዘው መጡ።

7ኛ ምላሽ። ከ3ኛው ጋር በመስማማት የመንዝ በግ ስም ጠፋ ብሎ የተቆጣ ሰው ነበር። ማንም በጉን አላነሣም፤ ግን ጠቃሚ ነገር ተናገረ። የመንዝ በግ ስቡን ላቱ ላይ ስለሚያከማች፣ ላቱን ለይቶ ያስቀረ ሰው የስቡን ብዙ ድርሻ አስቀረ። ጥብሱን በላት ማቅለጥ ሲተው ሥጋው ራሱ ያን ያህል ጮማ አይደለም።

8ኛ ምላሽ ስለ አረቄ ነው፤ የጻፈችው በልብ ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች በበዓልና በሳምንት መጨረሻ አብዝተው ከጠጡ በኋላ የልብ ምታቸው ተዘበራርቆ የሚመጡ ሰዎችን አይተው ነገሩን የበዓል ልብ ብለው ሰየሙት። የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መጨመቅ ትቶ ይርገበገባል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ይዘላል። ቀድሞ ምንም ሕመም ያልነበረበትም ሊይዘው ይችላል። አንድ መለኪያ 50 ሚሊ ሊትር ቢይዝ፣ አረቄው ሁለት ጊዜ የወጣው፣ 45 በመቶ አልኮል ያለው ዳግም ቢሆን፣ በአንድ መለኪያ 18 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይገባል። አራት መለኪያ ከ70 ግራም በላይ ነው፤ ያውም ባዶ ሆድ ላይ። ፍተሻውንም አሳይታለች፦ ጠቋሚና መሃል ጣትን ከእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር። ተቀምጦ ባረፈ ሰው ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ምት ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ መላ ካጣ፣ ይነጋል ተብሎ አይታደርም።

9ኛ ምላሽ። ጠላ ምግብ ነው፣ አይቆጠርም የሚል አጭር ተቃውሞ።

10ኛ ምላሽ። ነርሷ ይቆጠራል ብላ መለሰች። በ4 በመቶ ቢታሰብ አንድ ሊትር ጠላ 32 ግራም አልኮል አለው፤ ገብሱ ጥሩ እህል መሆኑ አልኮሉን አያጠፋውም። የምላሿ አጨራረስ ትንሽ የሚቆጠቁጥ ነበር፤ ቢለሰልስ ይሻል ነበር።

11ኛ ምላሽ፣ በኔ ሚዛን የክሩ ትልቁ ምላሽ ነው። የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ለሚወስዱ፣ በተለይ የልብ በራቸው ለተቀየረላቸው የተጻፈ ነው። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ሰውየው 55 ቀን ጎመን ሲበላ ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን በዚያው ልክ አስተካክሎለታል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ ከማዕድ ይነሣና ሥጋ ይተካል፤ ኪኒኑ ግን ያው ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ይበረታል፤ ድድ ይደማል፣ ነስር ይመጣል፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል። አረቄ ሲታከልበትና ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲዋጥበት አደጋው ይከፋል። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም፤ በጾም ይበላ የነበረውን ያህል ጎመን በፋሲካም ሳምንት ከማዕድ አለማጥፋት ነው። ጎመን በሥጋ ለዚህ ይመቻል፣ ሥጋው ቀይ ከሆነ። ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ደግሞ አይ ኤን አር፣ ማለትም ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን ልክ፣ መለካት ያስፈልጋል። ለብዙዎቹ ዒላማው ከ2 እስከ 3 ነው፤ በታችኛውና በላይኛው ግራ ክፍል መካከል ያለው በር በብረት ለተቀየረለት ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5።

12ኛ ምላሽ ከዚሁ ተነሥቶ ወደ ወጣቶቹ አዞረን። በአገራችን የልብ ሕመም ሲባል ወፍራም ሽማግሌ ብቻ መሳል ስሕተት ነው ይላል ጸሐፊው፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልብ በራቸው የተበላሸ የ15 እና የ20 ዓመት ልጆች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ጠላታቸው ከቂቤው ይልቅ ጨው ነው። ጨው ውሃ ይይዛል፤ ውሃው በጠበበው በር ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባ ይመለሳል። የቀኑ ልክ ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ስለገባበት፣ ሳይቀምሱ በወጡ ላይ መጨመር ሁለት ጊዜ ማጨው ነው። ዶሮውንም በጨው ውሃ መዘፍዘፍ ቀርቶ በሎሚ ብቻ ማጠብ ይበቃል። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ መመዘን፤ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውሃ እንጂ ሥጋ አይደለም። ሚዛን ለሌለው ቤት ደግሞ ይህን ጽፏል፦ የእግሩን አገዳ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ተጭኖ መልቀቅ፤ ጣቱ የነበረበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ማታም በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ልጅ ሁለት ሦስት ትራስ ከፈለገ፣ ሐኪም ጋ መሄጃው ያኔ ነው። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ቀኑ በበዓሉ ላይ ከዋለ ቀደም አድርጎ መወጋት እንጂ ማሳለፍ አይገባም።

13ኛ ምላሽ። 2ኛዋ እናት ተመልሰው ቂቤ ሳይበዛ ዶሮ ወጥ እንዴት ይሆናል ለሚለው ራሳቸው መልስ ሰጡ፤ ይህ ልቤን ነካው። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና በደረቁ፣ በለስላሳ እሳት፣ ፍል ውሃ ጠብ እያደረጉ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይቁላላ። አንድ የቡና ስኒ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይግባ፣ ከዚያ በርበሬው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ቅባት ሲያንስ በርበሬው ቶሎ ይይዛል፣ ያርና ይመራል። ስለዚህ እሳቱን ዝቅ አድርጎ፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ እጅ ሳያነሡ 40 ደቂቃ ያህል ማማሰል ነው። ቂቤው መጨረሻ ላይ ከመከለሻው ጋር ይገባል፤ መዓዛው የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አስቀድሞ የተሠራ ወጥ ካለም፣ አድሮ የረጋውን ቂቤ በጭልፋ አንሥቶ ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ነው።

14ኛ ምላሽ። በሦስት ማንኪያ የተሠራ ዶሮ ወጥ የጾም ወጥ ነው የሚል ተቃውሞ መጣ፤ በኋላ ግን ተቃዋሚው ራሱ 150 ግራም ላይ ተስማማ። በ12 ሲካፈል ለአንድ ብልት 7.5 ግራም የሚረጋ ቅባት ነው፤ ከ25 ግራም ጋር አይነጻጸርም።

15ኛ ምላሽ ወደ ተልባ ወሰደን። አክፍሎት የያዘ፣ ማለትም እስከ ትንሣኤ ሌሊት ሳይበላ ሳይጠጣ የቆየ ሰው በተልባ መግደፉ ጥሩ ልማድ ነው፤ የተፈጨው ተልባ አሰርና ጥሩ ዘይት አለው፣ ከብዙ ውሃ ጋር ሲጠጣ የደረቀውን አካል ያረጥባል። ቂቤ ያቀልጣል፣ ደም ሥር ያጥባል የሚለው ግን እውነት አይደለም፤ ፌጦውም ሎሚውም እንደዚያው። ጸሐፊዋ ቅደም ተከተል አስቀምጣለች፦ ተልባ፣ ግማሽ ሰዓት ዕረፍት፣ ግማሽ እንጀራ ከአንድ ብልትና ከአንድ ዕንቁላል ጋር፣ ከዚያ እስኪነጋ ማቆም። ጥሬ ሥጋውና ዱለቱ ለቀን ይቆያል። ከበላ በኋላ ወዲያው የሚጋደም ሰው ቃሩ ወደ ጉሮሮው ይመጣበታል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቀና ብሎ መቆየት ይሻላል።

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 16ኛው ስለ ኮሶ ትል፣ 17ኛው ዱለትና አረቄ ስለሚቀሰቅሱት ሪህ፣ 18ኛው በቅርጫ ጮማ የበዛበት መደብ ዕጣ ስለደረሰው ሰው ጻፉ። ለ18ኛው መልሱ ቀላል ነው፤ ዕጣው አይመረጥም፣ ጮማው ግን ከመጠበሱ በፊት በቢላ ይነሣል።

19ኛ ምላሽ ከሸዋ ሮቢት ነው። አንዲት ሙስሊም እኅት እንኳን አደረሳችሁ ብላ፣ ይህ ሁሉ ለረመዳን ኢፍጣርና ለአረፋም እንደሚሠራ አስታወሰች። በሦስት ቴምርና በውሃ አፍጥሮ፣ ሶላት ሰግዶ፣ ከዚያ በሾርባ መጀመር ሆድን ያለማምዳል፤ በዘይት የራሰውን ሳምቡሳ በባዶ ሆድ መደርደር ግን ያው የፋሲካ ሌሊት ስሕተት ነው። የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው በሱሑር ሰዓት ከዋጠው ቀኑን ሙሉ ይጠማዋል፤ ሰዓቱን ግን ሐኪሙ እንጂ ራሱ አይቀይርም።

20ኛ ምላሽ የርዕሱን ጥያቄ መለሰ። የልብ ሕመም ደረት መሃል ላይ እንደ ድንጋይ ይጫናል፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል፤ ቀዝቃዛ ላብ፣ ትንፋሽ ማጠርና ማቅለሽለሽ ያስከትላል። ቃር ያቃጥላል፣ ሲጋደሙ ይብሳል፣ አፍ ይመርራል። የሐሞት ጠጠር ቅባት ከተበላ በኋላ በቀኝ ጎድን ሥር ይዞ ወደ ቀኝ ትከሻ ይወጣል። ሴቶች፣ ስኳር ያለባቸውና አረጋውያን ግን ደረታቸውን ሳያማቸው ድካምና ላብ ብቻ ሊሆን ይችላል። አምቦ ውሃ ጠጥቶ ማግሳት የተዘጋ ደም ሥር ስለማይከፍት፣ ሲያገሳ ቀለለኝ ማለት ማስረጃ አይሆንም። ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ ጫና 907 ደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ወይም ያለውን መኪና አስነሥቶ የሚኬድበት ነው፤ በሽተኛው በእግሩ አይሂድ፣ አይንዳ።

21ኛው ሰው 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን ወዲያው ይታኘክ ሲል፣ 22ኛው ተቆጣ። ሰውየው የጨጓራ ቁስል ያለበት ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ቢሆን ማን ይጠየቃል፣ 11ኛውን አላነበብክም ወይ አለው። ቃላቸው ሻከረ፤ አንተ ተባባሉ። ሐኪሙ ገብቶ አስታረቃቸው፦ አስፕሪን ሃርት አታክ ላይ ሕይወት ያድናል፤ ግን ደም የሚያስታውክ፣ ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም አስፕሪን የማይስማማው ሰው ቤት ውስጥ አይሰጠው። ለቀረው፣ በስልክ ባለሙያ ጠይቆ መስጠት ነው። አስፕሪን ሰጠሁ ብሎ ግን መንገዱን ማዘግየት አይገባም።

24ኛ ምላሽ። አንዲት እናት ችግሩ ያለው በአስተናጋጁ እጅ ነው አሉ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል እየተባለ፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እየተባለ የልብ ሕመምተኛ ሆድ ይሞላል። ልጆቹ አስቀድመው ለየቤቱ ደውለው አባባ ጨው አይበሉም፣ አረቄ አይቀምሱም ቢሉ፣ ሽማግሌው እንቢ ሲሉ ማንም አይከፋም። በዓለ ሃምሳ 50 ቀን የረቡዕና የዓርብ ጾም የሌለበት ስለሆነ፣ ግብዣው በአንድ ቀን ማለቅ የለበትም፤ ለዳግማይ ትንሣኤም ይቆይ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

25ኛ ምላሽ ጥያቄ ነበር። እናቱ ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በየጠዋቱ ይወስዳሉ። ዓርብና ቅዳሜ አክፍሎት ይይዛሉ፣ ኪኒኑን አይነኩም፤ ሌሊት ሲገድፉ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ ይውሰዱ ወይ?

26ኛ ምላሽ። የደብረ ሲናው የፋርማሲ ባለሙያ መለሰለት፦ በፍጹም። ሁለት ቀን ውሃ ያልጠጣ አካል ላይ እጥፍ ኪኒን ሲገባ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል፤ ከመኝታ ሲነሡ ይወድቃሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ያለፈው አለፈ፤ የዕለቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፈሳሽ ከጠጡ በኋላ። ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ከሐኪማቸው ጋር፣ ከዚያም ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ኪኒኑን ከልክላ አታስጾምም፣ ካህኑም ይፈቅዱላቸዋል። እሑድና ማክሰኞ ጠዋት፣ ከመብላታቸው በፊት፣ 5 ደቂቃ አርፈው ተቀምጠው ግፊታቸው ይለካ። 180 በ120 ደርሶ ደረት ማፈን፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም የአፍ መጣመም ካለ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።